ፊደልን እንደ መልኩ የተቀበለ፦ ለፋክስ የተጻፈ መታሰቢያ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚያወጣው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ የሱሉልታ ሜዳ ሰፊና ቀዝቃዛ ሆኖ ይዘረጋል። በዚህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያ የሳተላይት መሬት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ ያዞሩ ግዙፍ አንቴናዎቹ፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው ከተቀመጡት የኢንቴልሳት ሳተላይቶች ጋር አገሪቱን አገናኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ሩቅ አገር የሄደና ከሩቅ አገር የመጣ ብዙ ነገር በሱሉልታ በኩል አልፏል፤ የሰው ድምፅ፣ የቴሌክስ መልእክት፣ የቴሌቪዥን ምስል። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያውቅ ነበር። የሰነድን ገጽ ወደ ነጥብ፣ ነጥቡን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ ይሰዳል፤ በወዲያኛው ዳር ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ነጥብ፣ ነጥቡን ወደ ወረቀት ይመልሳል። ስሙ ፋክስ ነበር። ይህ ጽሑፍ የእሱን የሕይወት ታሪክ ለማስታወስና ለአገልግሎቱ የሚገባውን ክብር ለመስጠት የቀረበ ነው።

የፋክስ ልደት ከስልክ ልደት ይቀድማል። አሌክሳንደር ቤይን የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ፣ ግርሃም ቤል ስልኩን ይዞ ለመምጣት ገና 33 ዓመት ይቀረው ነበር። የቤይን ሐሳብ በሁለት ዳር ያሉ ሁለት ፔንዱለሞች እኩል እየተወዛወዙ አንዱ የተጻፈውን ሲዳስስ ሌላው እንዲጽፍ ማድረግ ነበር። ሐሳቡን ወደ መደበኛ አገልግሎት ያደረሰው ደግሞ ካህን ነው፤ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካዜሊ። የካዜሊ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል ለሕዝብ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ ነበረች። የፈረንሳይ ባንኮች መሣሪያውን ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት ፊርማን ለማመሳከር ነበር። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፋክስ ገና በሕፃንነቱ የተሰጠው ሥራ የሰውን እጅ አሻራ ሳይለውጥ ማድረስ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢትዮጵያ ሲደርስም የጠበቀው ሥራ ይኸው ሆነ።

ከዚያ ያለፈው ጊዜ ረጅም የልጅነት ዘመን ነው። ጋዜጦች በሽቦና በሬዲዮ ፎቶግራፍ ተላላኩበት፤ መሣሪያው ግን ውድና ግዙፍ ስለነበር በየቢሮው አልገባም። አንዱ ፋብሪካ የሠራው ከሌላው ፋብሪካ ሥራ ጋር አይግባባም ነበር። የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን ምድብ መስፈርት አወጣ፤ አንድ ገጽ ለመላክ 6 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በ1976 የወጣው ሁለተኛው ምድብ ጊዜውን ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። በ1980 ሦስተኛው ምድብ መጣ፤ አንድ ገጽ በአንድ ደቂቃ ገደማ። ዓለም ፋክስ ብሎ የሚያውቀው፣ ሱሉልታም ያሳለፈው ይህንን ነው። ለዚህ መስፈርት እጅግ የደከሙት ጃፓናውያን ነበሩ። ብዙ ሺህ የሆነው የካንጂ ምልክታቸው በቴሌክስ ቁልፎች ሊገባ አይችልም ነበር። ጽሕፈታቸውን እንዳለ የሚወስድ መሣሪያ ፈለጉ፤ ሠሩትም። በዚህም ሳያውቁት ለእኛም ሠሩልን።

የአሠራሩን ጥበብ ጥቂት ዘርዘር አድርጎ ማየት ለሟቹ ክብር ተገቢ ነው። ማሽኑ ወረቀቱን በአግድም መስመር መስመር ያነባል። እያንዳንዱ መስመር 1,728 ነጥብ አለው። በመደበኛው አሠራር በአንድ ሚሊ ሜትር ቁመት ውስጥ 3.85 መስመር ይነበባል። አንድ የኤ4 ገጽ ታዲያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው። ይህ ሁሉ እንዳለ ቢላክ በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያሳልፍ የስልክ መስመር ከሦስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መላክ ቀርቶ ተከታትለው የመጡትን መቁጠር ተመረጠ፤ ይህን ያህል ነጭ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል ጥቁር፣ ቀጥሎ ይህን ያህል ነጭ እየተባለ። ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ቁጥር አጭር ምልክት፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ምልክት ተሰጠ። ሁለት ጥቁር ነጥብ ቢከታተሉ 11፣ ሦስት ቢሆኑ 10 ተብሎ ይጻፋል። ምንም ያልተጻፈበት ሙሉ መስመር፣ 1,728 ነጭ ነጥብ፣ በ17 ቢት ብቻ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ከየመስመሩ መጨረሻ አሥራ አንድ «0» እና አንድ «1» ይከተላሉ፤ መስመሩ እዚህ አበቃ የሚሉ ናቸው።

ይህ የመስመር መዝጊያ ለኢትዮጵያ ትልቅ ባለውለታ ነበር። የመዳብ ሽቦው ሲያረጅ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ የሳተላይቱ መንገድ ሲዛባ አንድ ቢት ይጠፋል። ሌላ አሠራር ቢሆን ከዚያ በታች ያለው ገጽ በሙሉ በተበላሸ ነበር። በዚህኛው ግን ጉዳቱ በዚያው መስመር ይታሰራል፤ ቀጣዩ መስመር እንደ አዲስ ይጀምራል። ገጹ ላይ አንድ ጥቁር ጭረት ይወጣል እንጂ ደብዳቤው ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አራተኛው ምድብ ገጹን ይበልጥ ያጠብቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መስመር በላይኛው ላይ ስለሚያቆመው ንጹሕ የመገናኛ መንገድ ይፈልጋል። ለተራ የስልክ ሽቦ አልሆነም። ትሑቱ ሦስተኛ ምድብ ግን ባገኘው ሽቦ ሁሉ ሠርቷል።

ስለ እነዚያ የቁጥር ምልክቶች አንድ ነገር መባል አለበት። ኮሚቴው የትኛው ተከታታይ ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ ለማወቅ ስምንት የሙከራ ገጾችን ተጠቅሟል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሒሳብ መጠየቂያና ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ነበር፤ በእጅ የተሣለ የኤሌክትሪክ ንድፍ ነበር፤ የጃፓንኛ ገጽም ነበር። የግዕዝ ፊደል ግን ከስምንቱ በአንዱም አልነበረም። የፋክስ ሰንጠረዥ ሲወለድ ሀ እና ለን አላየም። ሆኖም ከቢሮዎቻችን የወጡት የአማርኛ ገጾች ሲሰጡት አንዱንም አልመለሰም። ፊደሉ ስንት እንደሆነ አልጠየቀም፤ ከግራ ይጻፋል ወይስ ከቀኝ አላለም። ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ ብሎ ተቀበለው።

የዚህን ውለታ ክብደት ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ወደ አገሩ ሲገባና ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ሲዘረጋ ድምፅ መሄድ ቻለ፤ ጽሕፈት ግን በፖስታና በመልእክተኛ እጅ ቀረ። ቴሌክስ በአምስት ቢት የተመሠረተ ነበር፤ አምስት ቢት 32 ምልክት ብቻ ይሰጣል። ከ200 በላይ ምልክት ያለው ፊደላችን በዚያ በር ሊያልፍ አልቻለም። ስለዚህ አማርኛ በላቲን ፊደል እየተጻፈ፣ ጠበቅና ላላው፣ ራብዑና ግዕዙ እየተምታታ ይላክ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ በቴሌፕሪንተር ለማስሄድ የደከሙት ይህን ጠባብ በር ለማስፋት ነው። ሁለቱም የሠሩት ታላቅ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ግን ፊደሉን ከማሽኑ ጋር ማስታረቅ ነበረባቸው። ፋክስ ዕርቅ አልጠየቀም።

እርግጥ ነው ፋክስ በአንድ ጊዜ በየቦታው አልተገኘም። ወደ ኤምባሲዎች፣ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ወደ ባንኮችና ወደ ቡና ላኪዎች ቢሮ አስቀድሞ ገባ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የግል ንግድ ሲሰፋ አብሮት ሰፋ። በሰበታና በቡራዩ ያሉ ፋብሪካዎች፣ በአዲስ አበባ ያሉ ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ በየክልሉ ያሉ ቢሮዎች በደብዳቤ ራሳቸው ላይ ሦስት ቁጥር ማተም ያዙ፤ ስልክ፣ ፋክስ፣ ፖስታ ሣጥን። የጨረታ ማስታወቂያ ያለ ፋክስ ቁጥር ጎደሎ ይመስል ነበር። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ሲለወጡና አዲስ አበባ 011 ስትሆን፣ የፋክስ ቁጥሮቹም አብረው ተለወጡ፤ የደብዳቤ ወረቀቱ ሁሉ እንደገና ታተመ። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ትንንሽ ሱቆች በር ላይ ደግሞ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፋክስ የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የራሱ ማሽን የሌለው ሰው እዚያ ገብቶ በገጽ ከፍሎ ይልካል፤ የመጣለትንም ይወስዳል። አሜሪካ ያለ ልጅ የላከው የጥሪ ደብዳቤ፣ ዩኒቨርሲቲ የጠየቀው የትምህርት ማስረጃ፣ የውክልና ረቂቅ፣ የሐኪም ማስረጃ በእነዚያ ሱቆች አልፏል።

የመላኩም ሥርዓት ነበረው። ደዋይዋ ቁጥሩን ደውላ፣ «ፋክስ ልልክ ነበር፤ ድምፅ ይስጡኝ» ትላለች። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ቁልፉን ይጫናል፤ በሰከንድ 2,100 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ማሽኖች በዝግታ ተነጋግረው በየትኛው ፍጥነት እንደሚላላኩ ይስማማሉ። ከየገጹ በኋላ ተቀባዩ ደረሰኝ ይላል፤ ካልደረሰው እንዲደገም ይጠይቃል። ከዚያ የስልኩ እጀታ ዳግም ይነሣል። «ደርሶዎታል?» «ሁለተኛው ገጽ መሐሉ አልተነበበም፤ እባክዎ ይድገሙልን።» በዚህ መሐል መብራት የሄደ እንደሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነበር። ነገር ግን ልኮ መርሳት አልነበረበትም፤ ላኪና ተቀባይ በሰው ድምፅ ተረጋግጠው ይለያዩ ነበር።

የኢትዮጵያ ደብዳቤ የራሱ ሥጋና አጥንት አለው። ከላይ በቀኝ ቁጥርና ቀን፤ ቀጥሎ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ከነከተማው፤ መሐል ላይ ከሥሩ የተሰመረ ጉዳዩ፤ መጨረሻ ላይ ከሰላምታ ጋር፤ ፊርማ፤ የኃላፊው ቲተር፤ ክብ ማኅተም፤ ከግርጌ ግልባጭ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ደብዳቤ አይባልም። ቴሌግራምና ቴሌክስ ቃሉን ያደርሱ ነበር፤ ማኅተሙን ግን ከኋላ ይተዉታል። ፋክስ ሁሉንም አንድ ላይ አንሥቶ ወሰደ። ሰማያዊው ቀለም ጥቁር ሆነ፤ ሐምራዊው ማኅተም ጥቁር ሆነ፤ ፊርማው ግን ያው ፊርማ ነበር፤ የኃላፊው እጅ የት እንደጠበቀች የት እንደላላች ይታያል። ብዙ መሥሪያ ቤት ዋናው በፖስታ እስኪመጣ ድረስ በፋክሱ ሥራ ይጀምር ነበር። በዚህች አገር የሥራ ባህል ውስጥ አንድ ማሽን ከዚህ የበለጠ አመኔታ ሊያገኝ አይችልም።

ጉድለቱንም ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል፤ ሙታንን ማክበር ያልነበራቸውን መስጠት አይደለም። ከጉድለቶቹ ሁሉ ለፊደላችን የከበደው የቁመት ጥራቱ ነው። ፋክስ በአግድም በሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ያህል ሲያነብ በቁመት የሚያነበው ከዚያ ግማሽ በታች ነው። ፊደላችን ደግሞ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ብዙ ጊዜ በቁመት ነው፤ ቡ እና ቢ በቅርጽ አንድ ሆነው የሚለያዩት ቅጥያዋ ከመሐል ወይም ከግርጌ በመውጣቷ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ፊደል በመደበኛው አሠራር አሥር መስመር እንኳ አይደርሰውም። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቅጥያዋ አንድ መስመር ብትንሸራተት ስም ይለወጣል። የለመዱ ጸሐፊዎች ስለዚህ የአማርኛ ደብዳቤ ሲልኩ ፋይን የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ ነበር፤ መስመሩ እጥፍ ይሆናል፣ የመላኪያው ደቂቃም ይረዝማል፣ የስልኩም ሒሳብ ይጨምራል። ክፍያው ለፊደሉ ጥራት የተከፈለ ነበር።

የፋክስ ከፍተኛው የአገልግሎት ዘመን ኮምፒውተር አማርኛን በብዙ ቋንቋ ይናገርበት የነበረው ዘመን ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር አስቀመጡት። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው በተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ፋይሉን በዲስክ ይዞ መሄድ ከንቱ ድካም ነበር። ያኔ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤውን ማተም፣ በማኅተም ማጽናት፣ በፋክስ መላክ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ በ345 ምልክት እስኪገባ፣ ከዚያም በኋላ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዩኒኮድን እስኪለምዱ ድረስ፣ በቢሮዎቻችን መካከል ሁሉን ፊደል የሚያግባባው ፋክስ ነበር። ይህ ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀ ነው። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይላሉ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን ፋክስ ከወረቀት ወደ ፋይል ተሻገረ። የፋክስ ሞደም የገባለት ኮምፒውተር ገጹን በማተም ፈንታ በዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ከፋክስ ጋር አብሮ የኖረና አብሮት ያለፈ አንድ ሙያ ተወለደ፤ ጥቁርና ነጭ ምስልን ከአንዱ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላው መቀየር። ከስልክ መስመር የወጣው ጥሬ የፋክስ ፋይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ቲፍ ነበር፤ ብዙ የፒሲኤክስ ገጾችን በአንድ ጠርዞ የሚይዘው ዲሲኤክስ ነበር፤ ጄፍ ፖስካንዘር የሠራው ፒቢኤም ነበር። ሁሉም የሚይዙት አንድ ነገር ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነጥብ። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። በፒቢኤም 1 ጥቁር ነው፤ በፒሲኤክስ 1 ነጭ ነው፤ በቲፍ ደግሞ የቱ ጥቁር እንደሆነ በፋይሉ ራስጌ ይገለጻል። መቀየሪያው ይህን ካልጠበቀ ደብዳቤው በጥቁር ወረቀት ላይ በነጭ የተጻፈ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ከየስምንቱ ቢት በግራው ይጀምራል፣ ሌላው በቀኙ፤ ይህ ሲሳት ጽሑፉ በስምንት በስምንት ነጥብ ተቆራርጦ ይገለበጣል። የፋክስ ነጥብ ደግሞ በመደበኛው አሠራር እኩል አራት ማዕዘን አይደለም፤ ቁመቱ ከጎኑ እጥፍ ነው። እኩል ነጥብ ብቻ ወደሚያውቅ ፋይል በግዴለሽነት የተዛወረ ገጽ ቁመቱ በግማሽ ይጎድላል፤ ክብ ማኅተሙ ሞላላ ይሆናል፤ ፊደሉ ጎብጦ ይታያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ በመጻፍ ገጹን ወደ ቁመቱ ይመልሰው ነበር።

ይህ ሙያ ሲሳካ የሚሰጠው ነገር የሚያኮራ ነው። ከጥሬ ፋክስ ወደ ቲፍ፣ ከቲፍ ወደ ፒቢኤም፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፋክስ ቢቀየር አንዲት ነጥብ አትጎድልም፤ 1,728ቱ ነጥብ በ216 ባይት ሙሉ ሆኖ ይገባል፣ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ለፎቶግራፍ የተሠራው ጄፔግ እንዲህ አያደርግም፤ በፊደሉ ዳር ዳር ግራጫ ጭጋግ ይተዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከፋክስ በኋላ የመጣ ሌላ ብልሃት ነው፤ ተመሳሳይ የመሰሉትን ቅርጾች በአንድ ቅርጽ የሚተካ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ መንገድ የሚሠሩ አንዳንድ የቢሮ ስካነሮች 6ን በ8 ተክተው ንጹሕ አስመስለው እንደሚያወጡ ታወቀ። ቅጥያዋ ጥቂት ከፍ ዝቅ ባለች ቁጥር ድምፁ ለሚለወጥ ፊደል ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአማርኛ አንባቢ ያውቀዋል። ፋክስ ሲሳሳት በጭረትና በጥቁር ነጠብጣብ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ይታያል። ያላነበበውን አንብቤያለሁ ብሎ አያውቅም። ለሰነድ ከዚህ የሚበልጥ ጠባይ የለም።

አገሪቱም ፋክስን እንደ ትልቅ ነገር ትቆጥረው እንደነበር ሕጎቿ ይመሰክራሉ። የቴሌኮሙኒኬሽንን አዋጅ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። አሥር ዓመት ቆይቶ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያንን አገልግሎት የሚሰጠውን ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። የአዋጁ ጥበብ ለክርክር ክፍት ነው፤ ጥብቅነቱ አግባብ ነበር ለማለት ይከብዳል። ነገር ግን ፋክስ በሕግ ፊት ከሰው ድምፅ ጋር ጎን ለጎን የተጻፈ፣ የመንግሥት ገቢ የሚጠበቅበት አገልግሎት እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ሲወጣ የሚጠበቀው ራሱ ግን ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር።

ፋክስ በአንድ ቀን አልሞተም። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ሲጀምር ቀርፋፋና ለጥቂቶች ብቻ ነበር፤ ፋክሱ አልተነካም። ከዚያ ግን የፋይበር መስመር በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ደረሰና፣ በሱሉልታ አንቴናዎች ላይ ተጭኖ የነበረው የዓለም አቀፍ ጭነት አብዛኛው ወደ መሬት ወረደ። ዩኒኮድ በየኮምፒውተሩ ገባ፤ አማርኛ በኢሜይል ያለ ጭንቀት ተጻፈ። ስካነር ረከሰ። በመጨረሻ ካሜራ ያለው ስልክ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ሲገባ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መተግበሪያ መላክ የሰከንድ ሥራ ሆነ፤ የገንዘብም የትዕግሥትም ዋጋ አልጠየቀም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሲወጣ ደግሞ ፊርማ ለመታመን በወረቀት ላይ መታየቱ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ካዜሊ ለባንኮች የጀመረውን ሥራ ሌላ ተረከበው። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ማሽኑን አጥፍተው ከጠረጴዛ አነሡት፤ የስልክ መስመሩ ለኢንተርኔት ተሰጠ፤ ሱቆቹ ከሰሌዳቸው ላይ ፋክስ የሚለውን ቃል ሳይፍቁ አገልግሎቱን አቆሙ።

ተተኪዎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ቀለምም ያያሉ። በስልክ የተነሣ ደብዳቤ ግን የጠረጴዛ ጥላ ያጠላበታል፤ ዳሩ ይቆረጣል፤ በሚላክበት ጊዜ ይጨመቅና ትንንሹ የግልባጭ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ፋክስ ገጹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ከቁጥርና ቀን እስከ ግልባጭ ይወስድ ነበር፤ በየገጹ አናት ላይም የላኪውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገጹን ተራ አትሞ ያደርስ ነበር። ይህች የአናት መስመር በስንት ጉዳይ ደብዳቤው በጊዜው ደርሷል አልደረሰም ለሚለው ክርክር መልስ ሆናለች።

ከእሱ የቀረ ነገር የለም ማለት አይቻልም። ጥቁርና ነጭ ገጾችን የሚያጠብቀው የአራተኛው ምድብ ስልት በፒዲኤፍ ውስጥ ገብቶ፣ በስካነር በተነሡ ብዙ ሰነዶች ሆድ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ይሠራል። በዚያ ዘመን በዲስክ ላይ የተቀመጡ የቲፍና የፒቢኤም ገጾችም፣ ዲስኩ ካልተበላሸ፣ ዛሬም ነጥብ ሳይጎድል ይከፈታሉ። በወረቀት ላይ የቀሩት ግን ሌላ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚያትሙት በሙቀት በሚጠቁር ጥቅል ወረቀት ላይ ነበር፤ ይህ ወረቀት በብርሃንና በሙቀት ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ መልሶ ይነጣል። አስተዋይ መዝገብ ቤቶች ይህን ስለሚያውቁ የመጣላቸውን ፋክስ በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አድርገው ኮፒውን በፋይሉ ውስጥ ያስሩ ነበር። እነዚያ ተርፈዋል። ኮፒ ሳይደረጉ የታሰሩት ደብዳቤዎች ቁጥራቸው፣ ቀናቸው፣ ፊርማቸውና ማኅተማቸው ከወረቀቱ ላይ ወጥቷል፤ ጥቁሩ ከነጩ ካልተለየ በኋላ ገጹን መልሶ የሚያወጣ መቀየሪያ የለም።